የወሰድኩት የራሴን ቀለም ነው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያነጫንጭሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከመቼውም በላይ ደህና ነኝ፤ ይሄ እንደማያስደስትህ ባውቅም። ያቺ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጠማማዋ» እያልክ የምትስቅባት ትንሿ ጣቴም ደህና ናት፤ እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ ታጥፋ ይህን ደብዳቤ እየጻፈች ነው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ የሰው ሥራ እንዳበላሸሁ፣ ቤተሰቡን በሕዝብ ፊት እንዳዋረድኩ ጽፈሃል። ትርኢቱ ቅዳሜ ሳይዘጋ ፎቶውን መልሼ እንድቀባው፣ አለዚያ መጥተህ በገዛ እጅህ ከግድግዳው እንደምታወርደው፣ ከዚያ ወዲያም እህት እንደሌለህ እንደምትቆጥር ነግረኸኛል። መልሴን አስቀድሜ ልስጥህና ቀሪውን ረጋ ብለህ አንብበው። አልቀባውም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ግን ሳትሰማ ነው የተቆጣኸው። በመክፈቻው ቀን ፎቶውን እንዳየህ ፊትህ ጠቆረ፤ ንግግርህን ከመሃል አቋርጠህ ማንንም ሳትሰናበት ወጣህ። እኔም ልነግርህ ተከትዬህ ወጥቼ ነበር፤ መኪናህን አስነስተህ ሄደሃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የውሃ ቀለም ሥዕልና የፎቶግራፍ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ በግራው ግድግዳ እኛ የቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች የሳልነው፣ በቀኙ ደግሞ የፎቶ አንሺዎች ሥራ እንዲሆን ተወሰነ። የኔው ያ «ሳፋም ሥዕል ሆነ?» ብለህ የቀለድክበት ነው። ውሃ የሞላ ነጭ ሳፋ፤ ሌላ ምንም የለውም። ለምን ሳፋ እንደምስል ብትጠይቀኝ ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ ብሩሽ ስጨብጥ እጄ ወደዚያው ይሄድብኛል። ካንተ ሥራዎች የተመረጠው፣ መቼም እንደምትጠብቀው፣ «አባትና ልጅ» ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ላይ ከፎቶ ቤታችን በር ፊት ያነሳኸው፤ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቆሜ። ቅጂው በየዘመዱ ቤት ተሰቅሏል። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ፣ ያቺ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ የምትዞረው፣ ዋናው ካልመጣ አልሰቅልም አለች። እሷ ካለች አለች ነው። ስለዚህ ከሳሎንህ አውርደህ ከነፍሬሙ ላክህልኝ።

ሥራዎቹን የምሰቅለው እኔ ነበርኩና መስታወቱን ልወለውል ፍሬሙን ፈታሁ። ፎቶው በዕድሜ ብዛት ወደ ቡናማነት አዘንብሏል። ከትከሻዬ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ብቻ ግራጫ እንደሆነ ቀርቷል፤ ልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ከሩቅ ይታያል። ደወልኩልህ። ስብሰባ ላይ እንደሆንክ፣ ይሄ ለኔ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ነግረኸኝ «አስተካክይው» ብለህ ዘጋኸው። አስተካከልኩት።

ያ ግራጫ የኔ ሥራ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶህ፣ አማቾችህ ሳሎኑን ሊያዩ ነው ብለህ ቤቱን ስትገለብጥ ከረምክ። መጋረጃ ቀየርክ፣ ወንበር ቀየርክ፣ በመጨረሻ ዓይንህ ፎቶው ላይ አረፈ። ከእኔ ጎን እትዬ ቆማ ነበር። የቤት ሠራተኛ ከአባባ እኩል ቆማ ሲያዩ ምን ይሉናል አልከኝ። ደግሞ ሞታለች፣ ምን ይከፋታል አልከኝ። ነጭና ጥቁር ውሃ ቀለም ገዝተህ ሰጠኸኝ፤ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አደረግኳት። ስጨርስ ጎበዝ ብለህ ራሴን ዳበስከኝ። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር ስጽፍልህ አሁን ያንገበግበኛል።

እትዬን እንዲህ በአንድ ቃል «ሠራተኛ» ብለህ የምታልፋት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ምግባችንን ትሠራ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ጨለማ ክፍሉ ውስጥ የታተመውን ፎቶ ሁሉ በሳፋ ውሃ የምታጥበውና በገመድ ላይ የምትሰቅለውም እሷ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ የተኛሁት እሷ ጎን ነው። እትዬ ብዬ እንድጠራት ያስተማርከኝ ደግሞ አንተ ነህ። አባባ በሞተ በወሩ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልነበረችም። ወደ ዘመዶቿ ሄደች አልከኝ፤ ከዚያ ታመመች፤ ከዚያ ሞተች።

እሺ፣ ወደ ፎቶው ልመለስ። አሮጌ ቀለም ላይ አዲስ መደረብ ስለማይሆን ድሮ የቀባሁትን ማንሳት ነበረብኝ። ጥጥ በንጹሕ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ቀስ እያልኩ ዳበስኩት። ፎቶን የሚጎዳው ውሃ ሳይሆን የሰው ችኮላ እንደሆነ ያስተማረችኝ እትዬ ናት። ከግራጫው ሥር መጀመሪያ ብቅ ያለው ትከሻዬ ላይ ያረፈ እጅ ነው። አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለዋል፤ ትንሿ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ጥጡን አስቀምጬ የራሴን እጅ ከጎኑ ዘረጋሁ። ልጅ ሆኜ ያንን እጅ ሺህ ጊዜ አይቼው ይሆናል፤ ልጅ ግን የሚያየውን መቼ ልብ ይላል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይም ያየሁት ማጥፋት ያለብኝን ነገር እንጂ እጅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ልቀባ ይቅርና ማቆምም አልቻልኩም። እጅጌዋ መጣ፣ ሽርጧ መጣ፣ በመጨረሻ ፊቷ። ካሜራህን አታይም፣ ወንድም ጋሼ። ቁልቁል የምታየው እኔን ነው። ኃላፊዋ ምን ሆንሽ ብላ ስትመጣ እያለቀስኩ አገኘችኝ። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ እንዴ፣ ይህቺማ የመጋረጃዎቻችን አጣቢ ናት፣ በየስድስት ወሩ የምወስድላት አለችኝ። አሁን አርጅታለች እንጂ እሷው ናት ብላ አድራሻውን በመጽሐፍ ውሰት ካርድ ጀርባ ጻፈችልኝ።

ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በመካከላችን የነበረው ሁለት አውቶቡስ ነው። ትንሽ ላውንደሪ አላት፤ በሩ ላይ እንፋሎት ይወጣል፣ ውስጡ እስከ ጣሪያው አንሶላ ነው። ገና ከበሩ ስታየኝ ካውያዋን አስቀመጠች። ሞተሻል ተብዬ ነበር አልኳት። ሳቀችና፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ አንሶላ ማን እያጠበው ነው አለችኝ። ሞታለች ያልከኝ ሰው ሻይ አፍልታ አጠጣችኝ። ሦስት ጊዜ ልታየኝ መጥታ ሦስቱንም ጊዜ በሩን የከፈትክላት አንተ እንደነበርክ ያለ ቁጣ ነው የነገረችኝ። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ከእኔ ቀድመህ የምታውቀውን ነገር መልሼ ምን አስጻፈኝ።

ያጠፋኋት እኔ መሆኔን ግን በራሴ አፍ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። ግራጫውን በደንብ ቀላቅዬው እንደነበር ጠየቀችኝ። አዎ፣ ማንም አልለየውም አልኳት። ጎበዝ አለችኝ። ከዚያ እጄን ስባ ትንሿን ጣቷን ከትንሿ ጣቴ ጎን አስተኛቻትና ሻያችን እስኪቀዘቅዝ እንዲያው ተቀመጥን።

አሳድገኸኛል፤ አልክድም። አባባ ከሞተ በኋላ ደብተሬን የሸፈንክልኝ፣ ስታመም ሐኪም ቤት ያደርክልኝ አንተ ነህ። እናቱን ቀብሮ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በዚያው ቤት የሕፃን ለቅሶ የሰማው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ያሳዝነኛል። ያ ልጅ ቢናደድ እውነት አለው። ብሩሽ ያስያዘኝ የሃያ ስምንት ዓመት ሰውዬ ግን አያሳዝነኝም። ሌላ ቀለም ቀቢ ጠፍቶ ነው እኔን የመረጥከው? በየልደቴ ቀን ቤቱ ዝም ሲል፣ እኔን ስትወልድ ሞተች ለተባልኩት ሴት በልቤ ይቅርታ ስጠይቅ ታየኝ አልነበር? አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር።

ስለዚህ የሰው ሥራ አበላሸች ብለህ በየሄድክበት አታውራ። ያንተ ሥራ አንድም ነገር አልጎደለበትም፤ እንዳነሳኸው ነው ያለው። እኔ ከላዩ የወሰድኩት የራሴን ቀለም ነው። ርእሱንም አልነካሁም፤ «አባትና ልጅ» እንዳለ ነው። አንዲት ከዘራ የያዙ እናት ፊቱ ብዙ ቆመው ቆይተው በአስተያየት መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፉ ኃላፊዋ አሳየችኝ። ፎቶው ግሩም ነው፣ ርእሱ ላይ ግን እናቲቱን ለምን ዘለላችኋት ይላል። አላረምኳቸውም።

ለኃላፊዋ ደውለህ አውርጂው እንዳልካትም ሰምቻለሁ። በውሰት መዝገቡ ላይ እስከ ቅዳሜ ብለህ ፈርመሃል፣ መጽሐፍም ቢሆን ቀኑ ሳይደርስ ከአንባቢ እጅ አልነጥቅም ብላ መለሰችልህ አሉ። ይህቺን ሴትዮ ወድጃታለሁ።

ቅዳሜ ና። እውነቴን ነው፣ ቅርብኝ ብዬ አይደለም፣ ና። እትዬ ላውንደሪዋን ዘግታ ከጠዋት ጀምሮ ትመጣለች፤ ፎቶውን ከታጠበ ወዲህ አላየችውም። ከፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ እናስቀምጣታለን፤ በአንድ በኩል ያንተን ፎቶ ታያለች ማለት ነው፣ በሌላው ሳፋዬን። ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ብሩሽ፣ ነጩንና ጥቁሩን ቀለም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አዘጋጅቼ አስቀምጥልሃለሁ። አሁንም እንድትጠፋ ከፈለግክ አልከለክልህም። በዚህ ዙር ግን አንተው ትቀባታለህ፣ እሷ ቁጭ ብላ እያየችህ።

ጉልበትህን ይማርልህ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን ንገርልኝ። የእናትህንም ነፍስ ይማር፤ ከልቤ ነው።

በአባት እህትህ