ለአባባ ኮምፒውተር የተገኘው በረኛ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለቃለ ሕይወት፣ ጅማ

እንደምን ከርመሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን፤ ጣናም እንደተውኸው አለ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ! ለአባባ ኮምፒውተር ነፃ ፋየርዎል፣ ያው የኮምፒውተር በረኛ በለው፣ አገኘሁ! አባባ ብዕር ካስቀመጡ ወዲህ ቅኔያቸውን ሁሉ በኮምፒውተሩ እኔን እያስጻፉ ስለሆነ፣ ሌባ እንዳይገባበት ፈርቼ ሦስት ሞከርሁ። አንዱ ማሽኑን አንቀራፈፈው፤ ሌላው ማስታወቂያ ብቻ ሆነብኝ። ሦስተኛው ግን የሚገባውንም የሚወጣውንም ስሙን እየጠራ ያስፈቅዳል። በነፃ መሆኑን ስነግራቸው አባባ ፋየርዎሉን መረቁት!

አሁን ኮምፒውተሩ «ጢን» ሲል ከእኔ ቀድመው «ማን ነው? አንብቢልኝ» ይላሉ። እኔ ስሙን አነባለሁ፤ እሳቸው «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» ብለው ይፈርዳሉ። ትናንት የማናውቀውን አንድ ፕሮግራም መለሱና እንደ ልጅ ሳቁ! ፊደሉን ግን አንድ ቃል ስክሪኑን እስኪሞላ አጉልቼላቸውም «ጨምሪበት» ይሉኛል። ስክሪኑ አርጅቶ ይሆናል፤ ፔዳ ሰፈር ላለው ጠጋኝ ወስጄ አሳየዋለሁ።

ለፋሲካ እንደምትመጣ ከነገርኋቸው ወዲህ ቀኑን መቁጠር ጀምረዋል። ስትመጣ ታዲያ ዝም ብለህ እንዳትገባ፤ ከበሩ ቆመህ ስምህን ተናገር። አባባ እንደ ፋየርዎሉ ሆነዋል፤ ስሙን ሳይናገር የሚገባ ሰው አይወዱም። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ፊታቸው ቆሜ፣ እኔን እንኳ «ማን ነው?» አሉኝ።

ክብራን ገብርኤል በሰላም ያምጣህ።

እህትህ ጸሎት
ከባሕር ዳር