ውሃን ለሁለት የሚከፍል መንገድ

ውድ ወንድሜ ሲራጅ፣

ባለፈው ማክሰኞ በመንደራችሁ ታይቼ፣ ከደጃፍህ በታች ካለው የጎረቤትህ የወይኒ ግቢ ገብቼ፣ ውሃዋን ጠጥቼ፣ ከእርስዋም ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋግሬ፣ ያንተን በር ግን ሳላንኳኳ ወደ ፒያሳ መመለሴን ከሰማህ ወዲህ ስልኬን አላነሣህም፤ አልፈርድብህም። እኔና አንተ ከልጅነት እስከ ሽበት ዶሮ ማነቂያ ላይ በአንድ ግድግዳ ተጠግተን የኖርን፣ የወዳጅን ደጅ አይቶ ሳይገቡ ማለፍን ከስድብ የከፋ ነውር አድርገን ያደግን ሰዎች ነንና። ይህን ደብዳቤ ወተት ሊያደርስ ወደ ከተማ ለመጣው ለልጅህ ለአብዱልሙሀይሚን ሰጥቼዋለሁ። ከእጁ ተቀበለው፤ ቁጣህ ባይበርድም እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ ልትቆጣኝ ከፈለግህ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀህ ትቆጣለህ።

የላክኸኝ ስለ ትራክተሩ መሣሪያ ነበር። ባለቤትህ ሰዓዳ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት ወደ ከተማ መውረድ ግዴታ ከሆነባት ጀምሮ፣ ከቤታችሁ እስከ አስፋልቱ ያለችው ያች አጭር የአፈር መንገድ ከሐኪሙም ከመድኃኒቱም እኩል በሕይወትዋ ላይ ሥልጣን እንዳላት ሁለታችንም እናውቃለን። በበልጉ ዝናብ የኪራዩ መኪና ጭቃውን እንደ ምንም አልፎ፣ ወይኒ መንገዱን አቋርጣ ከደረደረችው ድንጋይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሰዓዳ ቀጠሮዋ አልፎባት፣ ፊትዋና እግርዋ አብጦ የዋለችበትን ቀን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅህ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ክረምቱ ሳይገባ መንገዱን እደለድለዋለሁ» አልኸኝ፤ «አንተ እዚያው መሃል ከተማ ነህና ለልጄ ትራክተር ከኋላው የሚቀጠል ሰፊ ምላጭ ፈልግልኝ። ድንጋይዋን ከነተንኮልዋ ጠርጎ ወደ ግቢዋ የሚመልስላት ይሁን!»

እኔም ዕድሜዬን በሙሉ አራት ኪሎ በአንድ መሥሪያ ቤት የመንግሥት ወረቀት ስተረጉም የኖርሁ ሰው፣ ማረሻን ከማለስለሻ ለይቼ የማላውቅ፣ ከዘራዬን ይዤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ወዳለች የእርሻ መሣሪያ መሸጫ ሄድሁ። ባለቤትዋ ፍዮሪ ትባላለች፤ የመሣሪያ ምሕንድስና የተማረች፣ ከባንኮኒዋ ጀርባ ቆማ በሦስት ስልክ ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ጊዜ የምትከራከር ወጣት ሴት ናት።

«አባባ፣ ለእርሻ ነው ለመንገድ?» አለችኝ።

«ለመንገድ።»

«ትራክተሩን እርስዎ ሊነዱት?»

«እኔ አይደለሁም፤ ወዳጄና ልጁ ናቸው።»

«ወዳጅዎ በምን በምን ዓይነት ትራክተር ሠርተዋል?»

«ወዳጄ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በሲንጀር ነው» አልኋት።

«ሙድ እየያዙብኝ ነው አይደል?» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ልብስ ሰፊ መሆንህን ስነግራት ደግሞ «በሉ እንግዲያው በልካቸው እንስፋላቸው» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። በዚያ ሦስት ነገር አሳየችኝ። የመጀመሪያው አንተ የተመኘኸው ሰፊ ምላጭ ነበር፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራል፤ አፈሩን ወደ አንድ ጎን እየገፋ ቦይ ያወጣል። «በሚያውቅ እጅ ተአምር ይሠራል» አለችኝ፤ «በጀማሪ እጅ ግን ትራክተሩ በተነቀነቀ ቁጥር አብሮ እየተነቀነቀ መንገዱን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ያሸነሽነዋል፤ የቆረጠውንም አፈር ሁሉ ለታችኛው ጎረቤት ያወርሰዋል።» ሁለተኛው ሁለት ምላጭ በአንድ ረዥም ፍሬም ውስጥ የታሰረበት ነው፤ ማንም ቢጎትተው ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ደህናውን ያሳምራል እንጂ የጠፋውን ቅርጽ አይመልስም። ሦስተኛው ሳጥን ነው፤ ኋላውና ሁለት ጎኑ ግድግዳ፣ ከፊቱ ክፍት፣ ከሆዱ ሥር የብረት ጥርስ ያለው። በጥርሱ የደረቀውንና ጎማ የቀደደውን መሬት ይቧጥጣል፤ የቧጠጠውን አፈር ወዲያና ወዲህ ሳይበትን አቅፎ ይዞት ይሄድና ጉድጓድ ሲያገኝ ይሞላበታል። ከትራክተሩ የኋላ ክንዶች አንዱን ዝቅ አድርገው በሁለቱም ጎን ደጋግመው ቢጎትቱት፣ ወደ ዳር የሸሸውን አፈር ወደ መሃል ይመልሰዋል።

«ብቻ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ይሁንልን» አልኋት።

ፍዮሪ እጆችዋን ወገብዋ ላይ አደረገች። «የእኛ የከተማ ሰው በሽታ ይቺ ናት! የአፈር መንገድ ልሙጥ ከሆነ ውሃው ተኝቶበት ያድራል። ጀርባ ያስፈልገዋል አባባ፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ውሃውን ግማሹን ለላይኛው ቦይ፣ ግማሹን ለታችኛው ቦይ የሚያከፋፍል። ከላይ ማን አለ?»

«ወዳጄ።»

«ከታችስ?»

«ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት፤ ከልጆችዋ ጋር።»

«አሁን ውሃው የሚሄደው ወደ ማን ነው?»

ሲራጅ ሆይ፣ ስንት ጊዜ ቤትህ መጥቼ በልቼ ጠጥቼ ስመለስ፣ ይህን ጥያቄ ጠይቄ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ። «እንግዲያው ሄደው አይተው ይምጡ» አለችኝ፤ «የውሃውን መንገድ ሳያዩ ዕቃ ቢገዙ እኔ ሸጥሁ እንጂ እርስዎ አልገዙም።»

የማክሰኞው ጉዞዬ ምክንያት ይህ ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ ቀስ እያልሁ ወጣሁ፤ ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነበር። አምና አብዱልሙሀይሚን በተከራየው ምላጭ መንገዱን ሲጠርግ አፈሩን ሁሉ ወደ ታች ስለገፋው፣ መንገዱ እንዳዘነበለ ትከሻ ሆኖ ቀርቷል፤ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ በሙሉ ያለ አንዳች ከልካይ ወደ ወይኒ ግቢ ይገባል። በላይ በኩል ቦይ የሚቆፈርበት ቦታ የለም፤ አጥርህ ከመንገዱ ከንፈር ላይ ቆሟልና። ወይኒ በርዋ ላይ ቆማ ስታየኝ አወቀችኝ።

«እርስዎ የጋሽ ሲራጅ ሰው አይደሉም?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ በሩ ከላይ ነው፤ ተሳስተው ይሆናል።»

«አልተሳሳትሁም። ውሃው የገባበትን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ከበሩ ገለል ብላ አስገባችኝ። አምና የወደቀውን ግድግዳ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት ደግፋዋለች፤ በቀረው ግድግዳ ላይ ጎርፉ ጥሎት የሄደው የጭቃ መስመር ከልጆችዋ አልጋ ከፍ ብሎ ይታያል። ያንን ስታሳየኝ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ የተሰበረው ስለ ሰዓዳ ስትነግረኝ ነው። «መኪናው ከድንጋዬ ደርሶ ሲመለስ ፊትዋን በመስኮቱ አየሁት፤ እስዋም አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ግን አባቴ፣ ድንጋዩን ባነሣው ውሃው ልጆቼ ላይ ይመጣል፤ ባላነሣው እስዋን እገድላለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

እኔም መልሼ ጠየቅኋት፤ መንገዱ ጀርባ ኖሮት ግማሹ ውሃ በላይ ቢሄድ፣ ግማሹን በታችኛው ቦይ እስከ ወንዙ ለማድረስ ቦታ ትሰጥ እንደሆነ። «የላይኛው አጥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ድንጋዩን በገዛ እጄ አነሣለሁ፤ ቦዩንም እቆፍራለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ወደ ቤትህ ያልገባሁበትን ምክንያት ስማ። ለዕርቅ የተነሣ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ተጎዳው ደጅ እንደሆነ፣ ከአንዱ ወገን ማዕድ በልቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ግን አማላጅ ሳይሆን መልእክተኛ ተብሎ እንደሚቆጠር አንተው ራስህ በእድራችን ውስጥ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን አከራይና ተከራይ ስታስታርቅ ያስተማርኸኝ ነው። ከወይኒ ወጥቼ ወደ አንተ ብገባ ደግሞ፣ ሰዓዳ ሻይ አቅርባልኝ፣ አንተ «ምላጩስ?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ አጥርህን አንሣ የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ አይችልም ነበር። ፊትህን እያየሁ ልናገረው አልደፈርሁም፤ ለወረቀት ግን አደራ ሰጥቼዋለሁ። አጥርህን ወደ ውስጥ ሁለት ክንድ ያህል አስገባው፣ ሲራጅ።

ምን እንደጠየቅሁህ አውቃለሁ። ሠፈራችን ፈርሶ፣ አባትህ ያወረሱህ ቤት በአንድ ጠዋት ሜዳ ሲሆን አጠገብህ ቆሜ ነበር፤ አንተ ያን ቀን ከፍርስራሹ መካከል የበሩን ማጠፊያ ብቻ አንሥተህ ኪስህ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። ወደዚያ ቦታ በገባህ ሳምንት፣ ጣራው ገና ሳይመታ አጥሩን ለምን እንዳጠርህና ለምንስ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ እንደገፋኸው ማንም ባይገባው ለእኔ ይገባኛል። አንድ ጊዜ ከሥሩ የተነቀለ ሰው ከክንድ መሬት ላይ እንኳ ወደ ኋላ ሲባል፣ ሁሉንም አምጣ የተባለ ይመስለዋል። ይህን ስስት ነው ብሎ የሚፈርድብህ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ነገር ግን ደግሞ ሌላ ነገር አስታውሳለሁ። ዶሮ ማነቂያ እያለን የሁለታችን ጣራ በሚገናኝበት በኩል አሸንዳው ተዛብቶ የክረምቱ ውሃ ሁሉ በሳል የምትማቅቀው እናቴ በምትተኛበት ግድግዳ ላይ ሲወርድ፣ ማንም ሳይለምንህ የጨርቅ መቀስህን አስቀምጠህ፣ የቆርቆሮ መቀስ ተውሰህ፣ ጣራ ላይ ወጥተህ፣ አሸንዳውን ከመሃሉ ቆርጠህ ግማሹን ውሃ ወደ ገዛ ደጃፍህ አዞርኸው። ሰዓዳ ያኔ የወራት ሙሽራ ነበረች። «ሙሽራ አምጥተህ ደጇ ላይ ወንዝ ትለቅባታለህ?» ስትልህ፣ አንተም «መዋኘት ተማሪ!» ስትላት፣ እኔና እናቴ ከግድግዳው ወዲህ ሆነን በሳቅ ሞተናል። እናቴ ያን ክረምት ደረቅ አልጋ ላይ ተኝታ አሳለፈችው። አንተ ያኔም ብዙ ደጃፍ አልነበረህም፤ ያለህን ነው ለሁለት የከፈልኸው።

ሌላም ልነግርህ የሚገባኝ አለ፤ ሰዓዳ ትናንት ደውላልኝ ነበር። እንድደብቅልሽ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላት «ለምን ትደብቃለህ? ሰርቄ አልደወልሁ» አለችኝ። ወይኒ ጋ መሄዴን ሰምታ፣ ሳትጠይቀኝ ምክንያቱን አውቃዋለች። ቃልዋን እንደነገረችኝ ጻፍሁልህ፦

«ጋሼ ሚናስ፣ ሲራጅን እንዳትቆጣው። አጥሩን ያጠበቀው ለእኔ ብሎ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አያነቃንቀንም ብሎ። ግን እኔ እኮ መውጣት ነው የምፈልገው። መውጫ ያልሰጠኝ አጥር ምን ያደርግልኛል? ደግሞ በትራክተሩ ተጎታች ላይ ከገለባው ጋር ተጭኜ መሄድ ሰልችቶኛል፤ አንድ ቀን ላሚቱ ሣር መስዬያት ትቆረጥመኛለች።» ከዚያም ሳቀች፤ ሳቅዋ ሲያልቅ ትንፋሽዋ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ በስልኩ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፤ አንተ በየቀኑ የምትሰማው እርሱን መሆኑን ሳስብ ልቤ ላንተ አዘነ።

የምርጫውን ነገር ልጨርስልህ። የፈለግኸውን ምላጭ ትቼ ሳጥኑን መርጫለሁ፤ ወርዱ ከትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ጥቂት የሚያልፍ፣ ጥርሱ ሲያረጅ የሚለወጥ ነው፤ ልጅህም መጥቶ አይቶ ተስማምቶበታል። የመረጥሁትም የሚወረውር ሳይሆን የሚሸከም ስለሆነ ነው። ይሁንና ፍዮሪ አጥብቃ እንዳስጠነቀቀችኝ፣ የትኛውም ብረት ቢሆን ውሃው የሚሄድበት ጎን ካልተሰጠው መንገድ አያወጣም፤ አንዱን ክረምት አሳምሮ በሁለተኛው ያው ጭቃ ነው። ይህን ጎን የሚሰጥ መሣሪያ በሱቅዋ የለም። አብዱልሙሀይሚንም ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን የአባቱን አጥር ልጅ አይነቅልምና ያንተን አፍ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፤ እኔም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ እመጣለሁ። አጥሩ በቦታው ቆሞ ባገኘውም አልመለስም፤ ዕቃህን አስረክቤህ፣ በዚህ ጊዜ ቤትህ ገብቼ፣ ካጠገብህ ተቀምጬ ሻይህን እጠጣለሁ፤ ስለ መሬትም አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ወዳጅነታችን ከሁለት ክንድ የሚሰፋ ነውና። ሁሉንም ብቻህን አድርገው አላልሁህም። አንድ ምሰሶ ብቻ ነቅለህ፣ አንድ አዲስ ጉድጓድ ብቻ ቆፍረህ ብትጠብቀኝ፣ የቀረውን ወይኒ ከታች፣ ልጅህ ከላይ፣ እኔም ጉልበቴ ባይታዘዘኝ በከዘራዬ መስመር እያሰመርሁ፣ እስከ ማታ እንጨርሰዋለን፤ እሑድ ትራክተሩ ይሠራል።

ሰዓዳ ሰኞ ቀጠሮ አላት።

በሩን ሊያንኳኳ የሚመጣው ወንድምህ፣
ሚናስ
ፒያሳ፣ በግንቦት መጨረሻ