ደክመዋል፣ ይረፉ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ጠዋት

ቧንቧው ዛሬም ደርቋል። በጄሪካን የመጣው ውሃ ለእጅ ነው ወይስ ለወለል፣ ክርክር። የኢንፌክሽን ተቆጣጣሪ ነርስ ተብዬ ተሹሜ የምቆጣጠረው ባልዲ ነው። ሳቅ እንጂ ደብተሬ፣ ሌላ የሚስቅልኝ የለም።

ወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ ሰው ቁስሉ መግል ያዘ። ሦስተኛው ነው። ናሙና ላኩ።

ወ/ሮ ሀዋ እንደ ልማዳቸው ከአልጋ አልጋ። ወሎዬ ናቸው፣ ቤታቸው አፍንጮ በር። ባላቸውን አቶ ሰይድን ሊያስታምሙ መጥተው ክፍሉን በሙሉ ያስታምማሉ። ያገላብጣሉ፣ ላብ ይጠርጋሉ፣ ያጎርሳሉ። ጌታሁን የሚባል የአትክልት ተራ ተሸካሚ አለ፣ ጠያቂ የሌለው። እሳቸው "አብሽር ልጄ" ብለው ካላጎረሱት አይበላም። ነርስ አይበቃንም፤ እሳቸው ባይኖሩ ጉድ ፈልቶብን ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ውጤት መጣ። መድኃኒት የተላመደ ጀርም፣ ሦስቱም ላይ፣ አቶ ሰይድና ጌታሁን ጭምር፣ ያው አንዱ። ያለን መርፌ አይነካውም። የሆነ ነገር ከአልጋ አልጋ ያዞረዋል።

ጥግ ይዤ ሳይ ዋልኩ። ነርሶቹ ጓንት ይቀይራሉ፣ እኔ እያየሁ ቢያንስ። ወ/ሮ ሀዋ የባላቸውን ቁስል ፋሻ አስተካከሉ። በዚያው እጅ የጌታሁንን ትራስ። ከዚያ ጉርሻ። 

ለክፍሉ ሐኪም ለዶ/ር ሰላም ነገርኳት። ዛሬውኑ ይውጡ፣ ምክንያቱንም በግልጽ ንገሪያቸው አለች። ለአፍ ቀላል ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ነገርኳቸው። ማለቴ፣ አልነገርኳቸውም።

ኮሪደር ላይ አስቀመጥኳቸው። ገና ሳልጀምር እጄን ይዘው የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት እጅዎ ሰው እየበከለ ነው ይባላሉ? "እትዬ ሀዋ፣ እዚህ ክፍል በጣም ደክመዋል። ይረፉ። አቶ ሰይድን እኛ እናያለን፣ በጥየቃ ሰዓት ብቻ ይምጡ" አልኩ። "አንቺ እንዳሰብሽልኝ አላህ ያስብልሽ" ብለው መረቁኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አሜን አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጌታሁን ሞተ። ጀርሙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቅዳሜ እኔው ጓንት አድርጌ ላጎርሰው ሞከርኩ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እትዬ ሀዋ ተቀየሙኝ ወይ አለኝ። አይ፣ ደክሟቸው ነው አልኩት። ለሱም ያችኑ።

ሬሳውን ጓደኞቹ ከአትክልት ተራ መጥተው ወሰዱ፣ በሥራ ልብሳቸው። ጊዮርጊስ ጋ ማኪያቶ አዘዝኩ። አልወርድ አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አዲስ የተያዘ የለም። ዶ/ር ሰላም ጎበዝ አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከታች ፎቅ፣ ከሴቶች ክፍል ውጤት። ያው ጀርም። በኦፕራሲዮን የወለደች ልጅ ናት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ወ/ሮ ሀዋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አጥሚት ያጠጧታል። ፈገግ አሉልኝ። የላዩ ክፍል ያደክማል ስላልሽኝ እዚህ ቀለል ይለኛል ብዬ ነው፣ ይቺም ሰው የላትም አሉ።

አወጣኋቸው። እጃቸውን በአልኮል አሸሁላቸው፣ እንደ ክብር ቆጠሩት። ስለ ጌታሁን አለቀሱ። ትቼው ባልሄድ አይሞትም ነበር አሉ። አሁንም ቤት ይረፉ አልኳቸው፣ እውነቱን ሰው ይሰማል ብዬ። ይሉኝታ ድሮም ጠላቴ ነው። ጀርሙን ወደ ታች ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ከሰዓት

የልጅቷ ትኩሳት አልበርድ ብሏል። ሕፃኑን ከአጠገቧ ወሰድንባት፣ ታለቅሳለች። ከአፍንጮ በር ደግሞ ወሬ መጣ፤ ወ/ሮ ሀዋ ሰፈራቸው የታመመች አራስ ሊያስታምሙ ቃል ገብተዋል።

ስልክ ደውዬ ቢሮዬ ጠራኋቸው። እየመጡ ነው።

ሁሉንም ልነግራቸው ነው። ይረፉ ያልኩዎት ውሸት ነበር እላለሁ። እንግዲያው ጌታሁንን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ ይሉኛል፣ ይህን ሳይሉ አይቀሩም። እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ጥፋቱ የኛም ነው ልል አሰብኩ። እውነት ነው፤ ግን ከሱ ከጀመርኩ ያጽናኑኝና እጄን ስመው ይሄዳሉ፣ ወደ አራሷ። ስለዚህ መጀመሪያ አዎ እላለሁ። ሌላው ከዚያ በኋላ።

ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸው ይሰማኛል። ዘበኛውን ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ ይሉታል። ገቡ። ደብተሬን ልዝጋ።