«በረራው ደህና ነው» ያሉት ገናዲ ሳቬልዬቪች

ገናዲ ሳቬልዬቪች ቶካሬቭ ከአባታቸው ከባቡር ሠራተኛው ሳቬሊ ቶካሬቭና ከእናታቸው ከግላፊራ ኢቫኖቭና፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. በሩሲያ ኦረንቡርግ ገጠር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው ውትድርና ሲገቡ፣ ድምፃቸው ስላማረ የክፍሉ ሬዲዮ አንባቢ ተደረጉ። በ1976 ሮኬት ወደሚተኮስባት ከተማ ወደ ባይኮኑር መጥተው በከተማው ሬዲዮ ተቀጠሩ፤ በኋላም ሮኬት ሲተኮስ ሂደቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሕዝብ የሚያሰሙት እሳቸው ሆኑ። በ1979 መምህርት ዚናይዳ ፓቭሎቭናን አግብተው ቲሞፌይንና ራኢሳን ወለዱ።

የሚቀጥለውን በቀብራቸው ቀን ማንሳት እኔን የእህታቸውን ልጅ ያሳፍረኛል። ነገር ግን ራሳቸው በሕይወት ሳሉ «ያቺን ጧት ከዘለልካት የእኔ ታሪክ አይደለም» ብለውኛል።

ጡረታቸው በተቃረበበት ዘመን፣ በነሐሴ አንድ ጧት፣ ለጠፈር ጣቢያው ምግብና ውሃ የጫነች ሰው አልባ መንኮራኩር ተተኮሰች። እሳቸውም ከወረቀት ላይ «በረራው ደህና ነው» እያሉ ያነባሉ። መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋ። የመሐንዲሶቹ ፊት አመድ ሲመስል አይተዋል፤ አቁም ያላቸው ስላልነበረ ግን ማንበባቸውን ቀጠሉ። መንኮራኩሯ ከነጭነቷ አልታይ ተራሮች ላይ ስትወድቅም ድምፃቸው በየቴሌቪዥኑ «ደህና ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የገበያው ነጋዴ የበሰበሰ ሐብሐብ እያሳየ «ይውሰዱ እንጂ ጋሼ፣ በረራው ደህና ነው!» ይላቸው ጀመር። ባለቤታቸውም ተናደው «አንተ ሰው ነህ ወይስ ካሴት?» አሏቸው። አለቆቻቸው ጥፋቱ የሞተሩ ነው ቢሏቸውም ሥራቸውን ለቀቁ።

በመኸር ወራት ባቡር ተሳፍረው ስብርባሪው ወደወደቀበት መንደር ሄዱ። ኤርኬሌይ በተባሉ አንዲት ላም አርቢ ሴት በር ላይ ቆመው «ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሴትዮዋም፣ «የእርስዎ ድምፅ ደህና ነው ሲል የእኔ መስኮት ይረግፋል። የልጅ ልጄን ‹አትፍሪ፣ ደህና ነው እየተባለ ነው› አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ የምላትን አታምነኝም» አሏቸው።

ገናዲ ሳቬልዬቪች ልጅቷን አስጠርተው «አያትሽ አልዋሹሽም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሏት። ልጅቷ ተመልሳ ገባች። ለመስኮቱ መስታወት አስገብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን አልጨበጡም፤ በቤተ መጻሕፍት የተቀደዱ መጻሕፍት እየጠገኑ ኖሩ።

አምና በጉበት ሕመም ተኙ። ጠያቂው ሁሉ «ይሻልዎታል» ሲላቸው፣ ልጃቸውን ራኢሳን «አንቺ ንገሪኝ» አሏት። «አባባ፣ ይሄ የሚድን አይደለም» አለቻቸው። እጇን ስመው ቄስ አስጠሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 2024 ዓ.ም. አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እዚህ ቆመናል። እውነትን የሚወድ አምላክ፣ ያፈሩበትን ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።