ሚዛኑን አትፈልገው

ወንድሜ፣

የመታጠቢያ ቤቱን በር የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ ስጠራህ ዝም ስላልከኝ። ማታ እሠራዋለሁ፣ እስከዚያ አትነካካው። ለማላብ በለበስከው የላስቲክ ጃኬት ተጠቅልለህ ወለሉ ላይ ተዘርረህ ሳይህ የጮኽኩብህ ደንግጬ ነው።

ሆስፒታል ያየችህን ሐኪም ሰምተሃታል። ስብ በደህና የሚቀንሰው በሳምንት ግማሽ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ውሃህና ጡንቻህ ነው። አንተ ግን በሳምንት ሰባት ኪሎ ልጣል ብለህ ራስህን ጣልክ። ደረጃ መውጣት ያቃተው ቦክሰኛ ማንን ሊመታ ነው?

ሚዛኑን ይዤው ሄጃለሁ። ከሥራ በፊት አሰልጣኝህ ጋ ጎራ ብዬ፣ ወይ ከፍ ባለው የክብደት ምድብ ያስገባህ፣ ወይ አትገጥምም እለዋለሁ።

ሾርባ ድስቱ ውስጥ አለ። ከፈለግህ ተጣላኝ፤ ለጠብም ጉልበት ያስፈልጋልና መጀመሪያ ብላ።

ታላቅህ