በመኪና የተሰፋው ድሪቶ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1977

ልጄ ዳኘው በደለኝ። እናቱ ትርንጎ በእጇ የሰፋችውን ድሪቶ ሳያስፈቅደኝ ወስዶ ገዳሪፍ ገበያ ላለ ልብስ ሰፊ ሰጠው። ሰውዬው ላይ ታች በመኪና አመላልሶበት መለሰው። ትርንጎ እራፊውን ሁሉ ገጣጥማ፣ ገበር ሳታለብሰው ነው ያረፈችው። ገበሩ የእኔ ሥራ ነበር። ዓይኔ ቢደክምም የእኔ ነበር።

«አባቴ፣ እንዳይደክሙ ብዬ ነው» ይላል። ደከመኝ ያለው ማን ነው!

የመኪናውን ስፌት ፈትቼ ሳልጨርስ አላነጋግርህም አልኩት። ቅዳሜ ለማሽላ አጨዳ ወደ መፋዛ ይሄዳል። ይሂድ።

ማክሰኞ

ምላጭ ይዤ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት መስመር ፈታሁ። ዓይኔ ያነባል።

የትርንጎ አረንጓዴ ቀሚስ። የዳኘው ቁምጣ። የእኔ ካኪ ኮት። ደርግ ልጁን ለውትድርና እንዳይወስድብን በመተማ ድንበር ተሻግረን ስንወጣ የለበስነው ነው። እላያችን ላይ ሲያልቅ ቆራርጣ እራፊ አደረገችው።

ዳኘው ውሃ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ጠጣሁ። አላናገርኩትም።

ረቡዕ

ወገቤ። አንገቴ። ዛሬም ጥቂት ነው የፈታሁት።

ጎረቤታችን ዘሃራ በአጥሩ አሻግራ አየችኝ። የመተማ ሰው ናት፤ አፏን አትችልም። «ጋሼ፣ በልጅ ተቆጥቶ ጨርቅ መግረፍ ምን ይባላል?» አለች። ዳኘው ሳቀ። ዞር ብዬ ሳየው ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

ሐሙስ

ዘሃራ ገባች። ከፈታሁት ክር አንዱን አንስታ በጣቷ አሸችው።

«ይሄ የመኪና ክር አይደለም። ትርንጎ ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ አፍ የመዘዘችው ነው። አብረን ነው የመዘዝነው።»

ሁለቱም ነጭ ነው፤ ለእኔ ዓይን አንድ ነው። ድሪቶውን አነሳሁት። ቀሚሱ ከቁምጣው ተላቅቆ ተንጠለጠለ። የትርንጎን ስፌት በገዛ እጄ ፈትቼዋለሁ።

«ጨርቁ አልቋል ጋሼ። አሁን አንድ ላይ የያዘው መኪናው ነው» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ብትቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ምላጩን ጣሪያው ሣር ውስጥ ሰካሁት። እራት አልበላሁም።

ዓርብ

የተላቀቀውን መልሼ ጠቀምኩት። ስፌቴ ጠማማ ነው። ከዚያ ገበሩን፣ አሮጌ የአቡጀዲ አንሶላ ነው፣ ከሥር አልብሼ ዙሪያውን ዘመዘምኩት። መርፌው ውስጥ ክር ያስገባችልኝ ዘሃራ ናት። አልለመንኳትም። የቀረውን የመኪና ስፌት አልነካሁትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ጣቴ ተበሳስቷል። አለቀ።

ቅዳሜ

ሎሪው መጣ። ዳኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሎሪው ላይ ከወጣ በኋላ ድሪቶውን አቀበልኩት። ገለጥ አድርጎ አየው።

«አልፈቱትም?»

«መፋዛ ሌሊቱ ይበርዳል። ተከናነብበት።»

ከሰኞ ወዲህ ያናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ሌላም ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ «የላ!» አለና ሄዱ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ይቅር በለኝም አላልኩም። ከሰዓት ዘሃራ ነገሩን ልታወጣጣኝ መጥታ ነበር፤ ስለ ፍየሏ ጠየቅኋት። የዚህ ድሪቶ ነገር ከእንግዲህ ከእኔ አይሰማም። ለእሷም፣ ለእሱም፣ እዚህ ደብተር ላይም አልደግመውም።