እጃቸውን ሲታጠቡ ፎቶግራፍ ለተነሡት ኃላፊ

ለክቡር የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ለእኛ ጤና ሲደክሙ የእርስዎ እንዳይጓደል ሰግቼ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በላስታ ደጋ ዜማ የማስተምር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነኝ፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ የአብስራም እርስዎ ቧንቧ በመረቁበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ትማራለች። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ ቧንቧው። በጥቅምት የእጅ መታጠብ ቀን ሲከበር፣ እኛ ወላጆች ከምንጭ በአህያ ጭነን ያመጣነውን ውኃ ወደ ቧንቧው ታንከር ገልብጠን፣ እርስዎ ሪባኑን ቆርጠው በሳሙና ሲታጠቡ አጨበጨብን። ፎቶግራፉም አምሮ ወጥቷል፤ አበጁ! ታንከሩ በማግስቱ ደረቀ፤ ልጆቹም ከመጸዳጃ ወጥተው እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ ወደ ክፍል ይገባሉ።

፪. ስለ ምርመራው። በኅዳር ባለሙያዎችዎ መጥተው ከአንደኛ ክፍል ልጆች ዓይነ ምድር ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ሰበሰቡ። ከአርባው ልጆች በዐሥራ ሰባቱ አንጀት ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ ተገኘ፤ የእኔዋም አንዷ ናት። ግን ሆዴን ያለ የለም፣ ያስመለሰው የለም፤ ሲቦርቁ ይውላሉ። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ምልክት በሌለው ነገር ወላጅን ማስደንገጥ ነውር ነው ብሎ ውጤቱን ከመሳቢያ አስተኛው። አቤት ርኅራኄ! «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ጽሑፍ ግን ከቢሮዎ በር ላይ እስከ ዛሬ አለ።

፫. ስለ ምሥጋናው። ምሥጋናው የዘጠኝ ወር ልጄ ነበር። የአብስራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገንፎውን በጣቷ እያድቦለቦለች ታጎርሰው ነበር፤ ከእናቱ ከሰገነት እጅ እንኳ እንደ እሷ እጅ አይበላም። በጥር ተቅማጥና ትውከት ያዘው። አዝለነው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘን ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ምን እንደያዘው፣ ከማን እንደመጣ የመረመረ የለም፤ ለእሱ ክዳን ያላት ዕቃ አልተረፈችም።

፬. ስለ ስብሰባው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በእጅዎ የነበረውን ውጤት በመጋቢት ሊነግሩን ፈቀዱ፤ እግዜር ይስጥልን። ባለሙያዎ ጤነኛ የሚመስል ልጅ ቤት ላለ ሕፃን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ሲያስረዱ የአብስራ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ አትበላም፣ ማንንም አታጎርስም። እጇን ከሹራቧ ሥር ደብቃ «አባ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?» ትለኛለች። አይደለሽም እላታለሁ፤ አባቷ ስለሆንኩ የማባብላት ይመስላታል። አንጀቴ አረረ፣ ጌታዬ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ይጻፉላት፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ውኃ የነፈግንሽም እያወቅን ዝም ያልነውም እኛ ነን ይበል። ፊደል ቆጥራለች፣ ራሷ ታነበዋለች። ማኅተም ያለበትን ነገር ታምናለች፤ ገና ልጅ ናት።

ይህ ደብዳቤ ከልጆቹ ውጤት ጋር በአንድ መሳቢያ በሰላም እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
የየአብስራና፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምሥጋናው አባት

ማስታወሻ፦ ለመጪው የእጅ መታጠብ ቀንም ውኃ በአህያ እንድናመጣ ታዘናል፤ እናመጣለን። በሕዝብ ፊት ውኃ አስመጥቶ እጁን ስለታጠበ ሹም በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ እንሰማለን። እሱ ስንኳ ኋላ ንስሐ ገብቷል ይላሉ አባቶች።